የሰፋችው እጅ ድርሻዋ ስንት ነው?



የበዓል ሰሞን ሲደርስ በሐዳርም ሆነ በነቨ ዮሴፍ፣ በቂርያት ያምም ሆነ በቂርያት አታ የሚኖር ቤተሰብ ለልጆቹ አዲስ ልብስ ሊገዛ ወደ ሱቅ ይወጣል። ዋጋውን ያያል፣ ውድ ነው ርካሽ ነው ይባባላል፣ ከፍሎ ይመለሳል። ከከፈለው ገንዘብ ውስጥ ልብሱን ለሰፋችው ሴት ስንት እንደሚደርሳት የሚጠይቅ ግን ብዙ የለም። «የራሳችን ችግር መች አለቀና የሩቅ ሰው ችግር እንሸከማለን?» የሚልም ይኖራል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነገሩ የሩቅ ሰው ችግር ብቻ እንዳልሆነ ማሳየት ነው። እኛ የሸማኔና የፈታይ ልጆች ነን፤ ከመካከላችንም ብዙዎች በካብላን (በሥራ ተቋራጭ) ስር ሠርተዋል። ስለዚህ በጉዳዩ ላይ የምንናገረው ነገር አለን። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የሸማኔው ዋጋ

አባቶቻችን በጎንደርና በዙሪያው ገበሬዎች፣ ሸማኔዎችና ቀጥቃጮች፣ እናቶቻችንም ሸክላ ሠሪዎችና ፈታዮች ነበሩ። በዚያ አገር ሸማ የሚፈልግ ሰው ሚስቱ ወይም እናቱ የፈተለችውን ድርና ማግ ይዞ ወደ ሸማኔው ይሄዳል። ሸማኔው በክንድ ለክቶ ይሠራለታል፣ ባለ ሸማውም የእጁን ዋጋ ይከፍላል። ጥጡ ከየት እንደመጣ፣ ፈትሉን ማን እንደፈተለው፣ ለሽመናው ስንት እንደተከፈለ ሁለቱም ያውቃሉ። ዋጋው ቢያንስባቸው እንኳ «ይህ አይበቃኝም» ብለው ፊት ለፊት የሚነግሩት ሰው ነበራቸው።

ይህን ስንል ያ ዘመን የፍትሕ ዘመን ነበር ማለታችን አይደለም። አገሬው የሸማኔውን እጅ ሥራ ለብሶ ሠርግ ይሄዳል፣ በዓል ያከብራል፤ ሸማኔውን ግን «ቡዳ» ብሎ ይሸሸዋል፣ ርስትም ይከለክለዋል። ርስት የሌለው ሰው ደግሞ የእጁን ሥራ በተሰጠው ዋጋ ከመሸጥ በቀር ብዙ ምርጫ የለውም። እንግዲህ ከአባቶቻችን ታሪክ አንድ ትምህርት እናገኛለን። የዕቃው ማማር ለሠሪው ድርሻ ዋስትና አይሆንም። የሠሪውን ድርሻ በአብዛኛው የሚወስነው ለመደራደር ያለው አቅም ነው።

29 ዩሮ እንዴት ይከፋፈላል?

ዛሬ በገዢውና በሠሪው መካከል ብዙ እጆች ገብተዋል። ጥጡ በአንድ አገር ይበቅላል፣ በሌላ አገር ይፈተላል፣ በሦስተኛ አገር ይሰፋል፣ በመርከብ ተጭኖ በአራተኛ አገር ይሸጣል። በልብሱ ላይ ስሙን ያተመው ኩባንያ ብዙውን ጊዜ አንድም የስፌት መኪና የለውም። ሞዴሉን ያወጣል፣ ትእዛዝ ይሰጣል፣ ርካሽ ዋጋ ያቀረበለትን ፋብሪካ ይመርጣል።

መቀመጫው በኔዘርላንድ የሆነ ፌር ዌር የተባለ ድርጅት ያወጣውና በብዙ አገር የተሠራጨ አንድ ስሌት አለ። በአውሮፓ ሱቅ በ29 ዩሮ የተሸጠ አንድ ካናቴራ ቢወሰድ፣ 17 ዩሮው ለሱቁ ይውላል። 3 ዩሮ ከ61 ሳንቲም የባለ ስሙ ኩባንያ ትርፍ ነው። 3 ዩሮ ከ40 ለጨርቁና ለዕቃው፣ 2 ዩሮ ከ19 ለማጓጓዣ፣ 1 ዩሮ ከ20 ለደላላ፣ 1 ዩሮ ከ15 ለፋብሪካው ባለቤት ትርፍ፣ 27 ሳንቲም ለፋብሪካው ልዩ ልዩ ወጪ ይሆናል። ለሰፊዋ የሚደርሳት 18 ሳንቲም ነው። ይህ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም።

በርግጥ ሱቁ 17 ዩሮውን ሁሉ ትርፍ ብሎ ኪሱ አይከተውም። ኪራይ አለበት፣ ግብር አለበት፣ የሻጮች ደመወዝ አለበት፤ ከእነዚያ ሻጮች መካከል የእኛም ልጆች አሉ። ሆኖም ሁሉም ድርሻውን ከወሰደ በኋላ የመጨረሻዋን ፍርፋሪ የምታገኘው ያለ እርሷ ልብሱ ልብስ የማይሆነው ሴት ናት። ጨርቁ ዋጋ ቢወደድ ሻጩ ይከፍላል፣ የመርከብ ኪራይ ቢጨምር ይከፍላል። እርሷ ላይ ሲደርስ ግን «ከዚህ በላይ አልችልም» ይባላል።

ሐዋሳ ላይ የሆነው

አሁን ወደ ተወለድንበት አገር እንምጣ። የኢትዮጵያ መንግሥት በቻይና ተቋራጭ ያስገነባውን የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2016 አስመረቀ። ካልቪን ክላይንና ቶሚ ሂልፊገር የሚባሉት ስሞች ባለቤት የሆነው ፒ.ቪ.ኤች. የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ በፓርኩ ዋነኛ ባለሀብት ሆኖ ገባ። ከሲዳማ ገጠር የመጡ ብዙ ወጣት ሴቶች በስፌት መኪና ላይ ተቀመጡ።

በ2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የንግድና ሰብዓዊ መብት ማዕከል ስለዚህ ፓርክ ጥናት አወጣ። በጥናቱ መሠረት የጀማሪዋ ሰፊ የወር ደመወዝ 26 የአሜሪካ ዶላር ነበር፤ በዚያን ጊዜ ምንዛሪ 750 ብር ያህል መሆኑ ነው። ይኸው ጥናት የሌሎች አገሮችን ደመወዝ ሲያነጻጽር ባንግላዴሽን 95 ዶላር፣ ኬንያን 207 ዶላር፣ ቻይናን 326 ዶላር ላይ አስቀምጧል። በዓለም ላይ ልብስ በብዛት ከሚሰፉ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው ክፍያ የኢትዮጵያ ነበር። በዚያው ዓመት በእስራኤል ዝቅተኛው የወር ደመወዝ 5,300 ሸቀል እንደነበር ስናስታውስ ልዩነቱ ይታየናል።

ይህ ደመወዝ በአጋጣሚ ዝቅ ያለ አልነበረም። የጉልበት ርካሽነት የውጭ ባለሀብት መጥሪያ ሆኖ ሲነገር ነበር። ለግል ድርጅቶች በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝም አልነበረም፤ በ2019 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም የሚል ቃል ያስገባው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሴቶቹ በሚያገኙት ብር የቤት ኪራይና ምግብ መቻል ስላቃታቸው አንድ ክፍል ለብዙ እየተጋሩ ኖሩ። የሰለቻቸው ተዉት። እንደ ጥናቱ ከሆነ ፋብሪካዎቹ በአማካይ በአንድ ዓመት ውስጥ የሠራተኛቸውን ቁጥር ያህል አዲስ ሰው መተካት ነበረባቸው። አሠሪዎቹ «የሥራ ልማድ የላቸውም» ሲሉ ወቀሷቸው። እኛ ይህን ወቀሳ በዕብራይስጥም ሰምተነዋልና አዲስ አይሆንብንም።

ቀጥሎ የሆነውን ልብ እንበል። በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት አሜሪካ ለኢትዮጵያ ሰጥታው የነበረውን ከቀረጥ ነፃ ገበያ (አጎአ) ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ አገደች። ፒ.ቪ.ኤች. በኖቬምበር 2021 የሐዋሳ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። በዓለም ርካሽ የተባለው ጉልበት ኩባንያውን አላስቀረውም። የቀረጡ ጥቅም ሲቀር እርሱም ሄደ። ጦርነቱን ያላወጁት፣ ስለ አጎአም ያልተጠየቁት ሰፊዎች ዕዳውን ከፈሉ።

ከቂርያት አታ እስከ ኢርቢድ

እኛ ያለንበትም አካባቢ ለዚህ ታሪክ እንግዳ አይደለም። ከሐይፋ ወደ ምሥራቅ ጥቂት እንደተጓዝን የምናገኛት ቂርያት አታ በ1934 የተመሠረተው የአታ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከተማ ነበረች። አገሪቱ የለበሰችው የሥራ ልብስ፣ የካኪ ሱሪና ሸሚዝ ከዚያ ይወጣ ነበር። ሠራተኞቹ በ1957 ከሦስት ወር በላይ የሥራ ማቆም አድማ አድርገዋል። ፋብሪካው በ1985 ተዘጋ። በሙሴ ዘመቻ የመጡት ወገኖቻችን ገና ኡልፓን ተቀምጠው ፊደል ሲቆጥሩ የአታ ሠራተኞች ሥራ አጥ ሆኑ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ስፌቱ ከአገር መውጣቱን ቀጠለ። በ1975 የተቋቋመው ዴልታ ጋሊል በገሊላ መንደሮች ብዙ የአረብና የድሩዝ ሴቶችን በስፌት ያሠራ ነበር። በ1994 ከዮርዳኖስ ጋር የሰላም ውል ከተፈረመ በኋላ አብዛኛው ስፌት ደመወዝ ዝቅ ወዳለባቸው ወደ ዮርዳኖስና ወደ ግብፅ ተሻገረ። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ቂርያት ጋትም እንዲሁ የጨርቃ ጨርቅ ከተማ ነበረች። ዋና ቢሮው እዚያ የነበረው ባጊር የተባለ የሱፍ ልብስ ኩባንያ በ2010ዎቹ ዓመታት በኢትዮጵያ የናዝሬት ልብስ ስፌት ፋብሪካ ባለድርሻ ሆኖ ልብሱን እዚያ ያሰፋ ጀመር። እኛ ከኢትዮጵያ ወደ ቂርያት ጋት መጣን፣ የቂርያት ጋት ስፌት ደግሞ ወደ ኢትዮጵያ ሄደ።

ከዮርዳኖስና ከግብፅ ጋር ከተደረገው ስምምነት ውስጥ አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። አሜሪካ በ1996 ባወጣችው ሕግ መነሻነት ልዩ የኢንዱስትሪ ቀጠናዎች ተቋቋሙ፤ የመጀመሪያው በ1998 በኢርቢድ ተከፈተ። እዚያ የተሰፋ ልብስ ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ ከዋጋው 35 በመቶ የሚሆነው በአካባቢው የተጨመረ መሆን አለበት፤ ከዚያም ውስጥ የዮርዳኖስና የእስራኤል ድርሻ እየተለየ ተጻፈ። በዲሴምበር 2004 ከግብፅ ጋር በተፈረመው ውል የእስራኤል ግብዓት ቢያንስ 11.7 በመቶ እንዲሆን ተወሰነ፤ በ2007 ወደ 10.5 በመቶ ዝቅ አለ። ከዮርዳኖስ የወጣው ልብስ ብዙው በጭነት መኪና መጥቶ በሐይፋ ወደብ በኩል ነው ወደ ባሕር ማዶ የተላከው።

እንግዲህ ድርሻን እስከ ነጥብ ድረስ ቆጥሮ በውል ማስፈር ይቻላል ማለት ነው። መንግሥታት ሲፈልጉ አድርገውታል። የአገር ድርሻ ተጻፈ፣ የባለ ፋብሪካ ድርሻ ተጻፈ፤ የሰፊዋ ድርሻ ግን አልተጻፈም። ውጤቱም ብዙ ሳይቆይ ታየ። በ2006 ናሽናል ሌበር ኮሚቲ የተባለ የአሜሪካ ድርጅት በዮርዳኖስ ፋብሪካዎች ከባንግላዴሽና ከሌሎች የእስያ አገሮች የመጡ ሠራተኞች ፓስፖርታቸው ተይዞ፣ ከልክ ያለፈ ሰዓት እየሠሩ፣ ደመወዛቸውን ሙሉ እንደማያገኙ አጋለጠ።

ያዘዘ ይጠየቅ

«ታዲያ ማን ይጠየቅ?» ሲባል ሁሉም ወደ ጎን ያመለክታል። ሱቁ ወደ ኩባንያው፣ ኩባንያው ወደ ፋብሪካው ያመለክታል፣ ፋብሪካው ደግሞ «በሰጡኝ ዋጋ ከዚህ በላይ መክፈል አልችልም» ይላል። ይህን ዜማ በኒካዮን (በጽዳት) ሥራ ላይ ያለች እህታችን በደንብ ታውቀዋለች። የምታጸዳው ትልቅ መሥሪያ ቤት ነው፤ ትሉሽ (የደመወዝ ወረቀት) የሚሰጣት ግን ካብላኑ ነው። የጡረታ መዋጮዋ ሲጎድል መሥሪያ ቤቱ «የእኛ ሠራተኛ አይደለሽም» ይላታል፤ ካብላኑም «ጨረታውን በትንሽ ዋጋ ነው የያዝኩት» ይላታል።

የእስራኤል ሕግ ለዚህ መልስ መስጠት ጀምሯል። በ2011 የወጣው የሥራ ሕጎችን አፈጻጸም ማጠናከሪያ ሕግ በጽዳት፣ በጥበቃና በምግብ አቅርቦት ሥራዎች ላይ ሥራውን ያዘዘው አካል የካብላኑ ሠራተኛ መብት ሲነካ በሕጉ በተወሰነው መሠረት እንዲጠየቅ ያደርጋል። ከዚህም በላይ በአዛዡና በካብላኑ መካከል የሚደረገው ውል የአንድ ሰዓት ሥራ ዋጋን ሠራተኛው በሕግ ከሚገባው በታች እንዳያወርድ ይከለክላል። ሕጉ የሚለው በአጭሩ ይህ ነው፦ ርካሽ ያዘዝክ አንተ ነህ፣ ስለዚህ ለጎደለው አንተም ትጠየቃለህ። ሕጉ በሁሉም ቦታ በትክክል ይፈጸማል አንልም። መርሑ ግን ትክክል ነው።

እኛ የምንጠይቀው ይኸው መርሕ ወደ ልብስም እንዲደርስ ነው። በሐይፋ ሱቅ ውስጥ ልብስ የሚሸጥ ኩባንያ የት እንዳሰፋው በዝርዝር ያሳውቅ፤ ለፋብሪካው የሚከፍለው ዋጋ የሰፊዋን ሕጋዊ ደመወዝ የሚችል ይሁን፤ ደመወዟ ሲቀርባት እርሱም ይጠየቅ። ይህ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። ፈረንሳይ በ2017፣ ጀርመንም በ2021 ትልልቅ ኩባንያዎች በባሕር ማዶ ለሚያሠሯቸው ሰዎች ኃላፊነት እንዲኖራቸው የሚያደርግ ሕግ አውጥተዋል።

ከእነርሱም በፊት የአይሁድ ስደተኞች ልጆች መንገዱን ከፍተዋል። በማርች 1911 በኒውዮርክ ትሪያንግል በተባለ የሸሚዝ ፋብሪካ በተነሳ እሳት 146 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ የአይሁድና የጣሊያን ስደተኛ ወጣት ሴቶች ነበሩ። የዚያች ከተማ ልብስ ሰፊዎች ማኅበር በየጓዳው ካሉ ትንንሽ ካብላኖች ጋር ብቻ መከራከር እንደማያዋጣ ገባው። በ1930ዎቹ ሥራውን የሚያዘው ትልቁ ነጋዴ ራሱ ውል እንዲፈርምና ለካብላኑ ሠራተኞች ደመወዝ ተጠያቂ እንዲሆን አደረገ። ይህን ያገኙት ቋንቋው ያልተፈታላቸው፣ አገሩ ያልለመዳቸው ስደተኞች ናቸው።

«ደመወዝ ከጨመረ ፋብሪካው ይሄዳል»

በዚህ ላይ የሚነሳ ብርቱ ክርክር አለና ዝም ብለን አናልፈውም። «26 ዶላርም ቢሆን ከባዶ እጅ ይሻላል፤ ደመወዝ ጨምሩ ካላችሁ ፋብሪካው ወደ ሌላ አገር ይሄድና ሴቶቹ ሥራ ያጣሉ» ይባላል። ሥራ ማጣት ቀላል ነገር አይደለም፤ ክርክሩን የሚያነሱትም ሁሉ ክፉ ሰዎች አይደሉም።

ሆኖም ሦስት ነገሮችን እናስተውል። አንደኛ፣ ቀደም ሲል ባየነው ስሌት የሰፊዋ ደመወዝ በእጥፍ ቢያድግና ጭማሪው ሁሉ በገዢው ላይ ቢያርፍ እንኳ የ29 ዩሮው ካናቴራ 29 ከ18 ሳንቲም ይሆናል። ሁለተኛ፣ በባንግላዴሽ የልብስ ሰፊዎች ዝቅተኛ የወር ደመወዝ በ2010 ከነበረበት 3,000 ታካ በ2013 ወደ 5,300፣ በ2018 ወደ 8,000፣ በ2023 ወደ 12,500 ታካ ከፍ ብሏል። ኑሮ በመወደዱ ይህም አልበቃቸውም፤ ነገር ግን ፋብሪካዎቹ ከአገሩ ተነቅለው አልሄዱም። ጭማሪውም በችሮታ አልመጣም። በኤፕሪል 2013 ራና ፕላዛ የተባለው ሕንፃ ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰዎች ካለቁ በኋላ ሠራተኞቹ በየመንገዱ ወጥተው ጮኸው ያገኙት ነው። ሦስተኛ፣ ርካሽ መሆን እንደማያድን ሐዋሳ አሳይቷል።

ሁሉም አገር «እኔ ከጎረቤቴ ርካሽ ነኝ» እያለ ከተፎካከረ ማቆሚያ የለውም። ማቆሚያው አንድ ነው፤ ኩባንያው ወደ የትም ቢሄድ ኃላፊነቱ አብሮት እንዲሄድ ማድረግ።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

«ይህን ልብስ አትግዙ» አንልም። የትእዛዝ መቅረት መጀመሪያ የሚጎዳው ሰፊዋን ነው፤ አምስት ልጆች የምታለብስ እናትም ርካሽ ልብስ ገዛች ተብላ አትወቀስም። ልናደርገው የምንችለው ግን አለ።

አንደኛ፣ ከቤታችን እንጀምር። በጽዳት፣ በጥበቃ ወይም በምግብ ሥራ ላይ ያላችሁ ትሉሻችሁን በየወሩ አስቀምጡ፣ ዕብራይስጥ የሚያነቡ ልጆቻችሁ ያንብቡላችሁ። ጉድለት ካለ ለካብላኑም፣ ሥራውን ላዘዘው መሥሪያ ቤትም በጽሑፍ አሳውቁ። ለብቻ መሄድ የሚከብዳችሁ ወደ ሂስታድሩት፣ ወደ ኮኣኽ ላኦቭዲም ወይም ወደ ካቭ ላኦቬድ መሄድ ትችላላችሁ። የ2011ን ሕግ የሚያውቀው ሰው ሲበዛ ሕጉ ይጠነክራል።

ሁለተኛ፣ ልብስ በምንገዛበት ሱቅ «ይህ የት ተሰፋ? የፋብሪካዎቻችሁን ዝርዝር ታወጣላችሁ ወይ?» ብለን እንጠይቅ። ሻጯ ልጅ ላታውቅ ትችላለች፤ በትሕትና ለአለቃዋ እንድታደርስ እንንገራት። ዕብራይስጥ የሚጽፉ ወጣቶቻችን ለኩባንያዎቹ ይጻፉ። አንድ ደብዳቤ ይጣላል፤ ሁለት መቶ ደብዳቤ ግን አይጣልም።

ሦስተኛ፣ በምርጫ ሰሞን ወደየሰፈራችን የሚመጡ ፖለቲከኞች ስለ ቤትና ስለ ትምህርት ቤት ስንጠይቃቸው ይህንንም እንጨምር። በእስራኤል ልብስ ሻጭ ኩባንያ ባሕር ማዶ ላለች ሰፊ እንዲጠየቅ የሚያደርግ ሕግ የለም። በጽዳት ሥራ የተጀመረው መርሕ በልብስ የማይሠራበት ምክንያት ምንድን ነው? መልስ ይስጡን።

አራተኛ፣ በኢትዮጵያ ዘመድና ወዳጅ ያላችሁ በስፌት ፋብሪካ የሚሠሩ ወጣቶች ካሉ ደመወዛቸው ስንት እንደሆነ፣ ለማን እንደሚሰፉ ጠይቋቸው። እኛ ሁለቱንም ቋንቋ እናውቃለን፤ ልብሱ የሚሸጥበትንም አገር፣ የሚሰፋበትንም አገር እናውቃለን። የእነርሱን ቃል በዕብራይስጥ እዚህ ማሰማት ከእኛ የተሻለ የሚችል የለም።

ኦሪት የምስኪኑ ሠራተኛ ዋጋ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲሰጠው ታዛለች፤ ሠራተኛው ወንድምህም ይሁን በአገርህ የተቀመጠ መጻተኛ ብላ አትለይም። በካብላን በኩል ነው ያሠራሁት የሚል ማምለጫም አላስቀመጠችም። አባቶቻችን ይህን በጎጆ ውስጥ ሲያነቡት የሚያሠራቸውን ሰው በስሙ ያውቁት ነበር። እኛ ዛሬ የምንለብሰውን የሰፋችልንን ሴት ስም ላናውቅ እንችላለን፤ ዋጋዋን የያዘባት ማን እንደሆነ ግን በልብሱ አንገት ላይ ተጽፏል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነውና፣ አብረን እንጠይቀው።

ቸር ይግጠመን።